የታመመ ኮዋላ ከዛፍ ሥር እስከ ሆስፒታል፦ ለበጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ኮዋላ ሕመሙን ለረጅም ጊዜ ደብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። ከዛፍ ወርዶ መሬት ላይ የሚቀመጥበትና ሰው ሲቀርበው እንኳ የማይንቀሳቀስበት ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ በሽታው ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት ውስጥ ውስጡን ሲያዳክመው ቆይቷል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ኮዋላ በመንገድ ዳር ወይም በግቢው አጥር ሥር ያገኘ ሰው በሚቀጥሉት ጥቂት ሰዓታት የሚያደርገውም ሆነ የማያደርገው ነገር ከሐኪሙ ሥራ ያላነሰ ክብደት አለው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ኮዋላ በሚገኝባቸው የአውስትራሊያ ምሥራቃዊና ደቡብ ምሥራቃዊ ግዛቶች ለሚኖሩ፣ የታመመ እንስሳ ቢያጋጥማቸው መርዳት ለሚፈልጉ ወይም በአቅራቢያቸው ባለ የዱር እንስሳት ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ላሰቡ አማርኛ አንባቢዎች ነው።

የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 በኩዊንስላንድ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በአውስትራሊያ ዋና ከተማ ክልል የሚኖሩትን ኮዋላዎች የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ዝርያዎች መዝገብ አስገብቷቸዋል። ምክንያቶቹ የደን መመንጠር፣ የሰደድ እሳት፣ የመኪና አደጋ፣ የውሻ ንክሻና በሽታ ሲሆኑ፣ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ በሆስፒታሎቹ በር ላይ ይታያሉ። በኒው ሳውዝ ዌልስ የፖርት ማኳሪ ኮዋላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ፣ በኩዊንስላንድ ቢርዋ የሚገኘው የአውስትራሊያ ዙ የዱር እንስሳት ሆስፒታል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ይህን ሥራ ሲሠሩ ቆይተዋል። በጎልድ ኮስት የከረምቢን የዱር እንስሳት ሆስፒታል፣ በሊዝሞር ደግሞ የኮዋላ ወዳጆች ማኅበር አለ። ሐኪሞቹ ጥቂት ናቸው፤ ከሐኪሙ ጠረጴዛ በፊትና በኋላ ያለው ረጅም ሥራ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ያረፈ ነው።

ሕመሙን መለየት

ኮዋላ መሬት ላይ ስለታየ ብቻ ታሟል ማለት አይደለም። ጤነኛ ኮዋላም ከዛፍ ወደ ዛፍ ለመሻገር በእግሩ ይጓዛል፤ በተለይ ከክረምቱ መጨረሻ እስከ በጋው መጀመሪያ፣ ማለትም በግምት ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው የመራቢያ ወቅት ወንዶቹ ብዙ ርቀት ይንቀሳቀሳሉ። ሊያሳስብዎት የሚገባው ኮዋላው በዛፍ ግንድ ሥር ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ሲቆይ፣ ሰው ወይም ውሻ ሲጠጋው ለመውጣት ሳይሞክር ሲቀር፣ ወይም በአንድ ዛፍ ላይ፣ ያውም ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ፣ ለቀናት ሳይንቀሳቀስ ሲታይ ነው።

ቀጥሎ ከሩቅ ሆነው ዓይኑንና መቀመጫውን ይመልከቱ። ዓይኑ ቀልቶ፣ አብጦ ወይም በዓይናር ተጨፍኖ ከሆነ፣ መቀመጫው ደግሞ እርጥብ ሆኖ ጸጉሩ ወደ ቡናማነት ከተለወጠ፣ በጣም የሚጠረጠረው በሽታ ክላሚዲያ ነው። በኮዋላዎች ላይ ከባዱን ጉዳት የሚያደርሰው ክላሚዲያ ፔኮረም የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ይህ ባክቴሪያ በአገራችን ብዙ ሰው የሚያሠቃየውን ትራኮማን ከሚያመጣው ባክቴሪያ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ይመሳሰላል፤ ካልታከመ ዓይነ ስውር ያደርጋል። ከዓይን ሌላ የሽንት ፊኛን ያቆስላል፣ የሴቶቹን የመራቢያ አካል እያበላሸም መካን ያደርጋቸዋል። በመቀመጫው ላይ የሚታየው እርጥበት የሽንት ፊኛው መቆጣት ምልክት ስለሆነ፣ ኮዋላው በየሽንቱ ሕመም እንዳለበት ያሳያል።

በውሻ አፍ የገባ ኮዋላ ውጫዊ ቁስል ባይታይበትም ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ የውሻ መንጋጋ ቆዳውን ሳይቀድ የውስጥ አካልን ሊጨፈልቅ ይችላልና። መኪና የገጨውም እንዲሁ ነው። ተነሥቶ ዛፍ ላይ ስለወጣ ድኗል ብሎ መሄድ ስሕተት ነው፤ የተሰበረ መንጋጋ ያለው ኮዋላ ዛፍ ላይ ወጥቶ በረኃብ ይሞታል።

ስልክ መደወልና ቦታውን መጠበቅ

ኮዋላውን ከመንካትዎ በፊት ይደውሉ። በኒው ሳውዝ ዌልስ ዋየርስ የተባለው የዱር እንስሳት ነፍስ አድን ድርጅት ስልክ 1300 094 737፣ በኩዊንስላንድ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ስልክ 1300 264 625፣ በቪክቶሪያ የዋይልድላይፍ ቪክቶሪያ ስልክ 03 8400 7300 ነው። በአካባቢዎ የኮዋላ ሆስፒታል ካለ የእርሱን ቁጥር አስቀድመው በስልክዎ ይመዝግቡ፤ ሌሊት በመንገድ ዳር ቆሞ ቁጥር መፈለግ ውድ ጊዜ ያባክናል።

ስልኩን የሚያነሣው ሰው የሚፈልገው አጭርና ትክክለኛ መረጃ ነው፦ ኮዋላው ያለበት ትክክለኛ ቦታ፣ መሬት ላይ ነው ወይስ ዛፍ ላይ፣ ምን ምልክት ይታይበታል፣ ከጀርባው ወይም ከሆዱ ግልገል ይታያል ወይ፣ በአካባቢው ውሻ ወይም መኪና አለ ወይ። ከተቻለ ከሩቅ ፎቶ ያንሡና ይላኩ። የቦታውን ነጥብ ከስልክዎ ካርታ ላይ መዝግበው መያዝ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም የዳነ ኮዋላ የሚለቀቀው በተገኘበት አካባቢ ስለሆነ፣ «ከነዳጅ ማደያው አለፍ ብሎ» የሚል መረጃ ከወራት በኋላ ለማንም አይጠቅምም።

የሚላከው የነፍስ አድን ሠራተኛ (አዳኙ) እስኪደርስ ድረስ ውሾችን ማሰር፣ ልጆችንና ተመልካቾችን ማራቅ፣ ድምፅ መቀነስና ኮዋላውን ከዓይን ሳያጡ ርቆ መቆም በቂ ሥራ ነው። ብዙ ሰው እጁን አጣጥፎ መቆም ግድ የለሽነት ይመስለዋል። እኔ ግን ከአንድ ተራ ተመልካች ሊገኝ ከሚችለው እርዳታ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኮዋላ በሰው ብዛት ሲጨነቅ ድምፅ ስለማያሰማ ተረጋግቶ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ ጭንቀቱ ራሱ የተዳከመውን እንስሳ ሊገድለው ይችላል።

ውኃን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ከ2019 እስከ 2020 በነበረው የሰደድ እሳት ወቅት ኮዋላዎች ከሰው እጅ ከጠርሙስ ውኃ ሲጠጡ የሚያሳዩ ምስሎች በዓለም ዙሪያ ተሠራጭተው ነበር። ኮዋላ ግን በተፈጥሮው አንገቱን ደፍቶ እየላሰ የሚጠጣ እንስሳ በመሆኑ፣ አንገቱን አቅንቶ ከጠርሙስ ሲጠጣ ውኃው ወደ ሳንባው ሊገባና ሊገድለው ይችላል። በሙቀት የተጎዳ ኮዋላ ካጋጠመዎት ውኃውን ሰፋ ባለ ሳህን ወይም በባርኔጣ አድርገው መሬት ላይ ያስቀምጡለትና ዞር ይበሉ። ምግብ፣ የሰው መድኃኒት ወይም የቁስል ቅባት ፈጽሞ አይስጡት።

መያዝ ግድ ሲሆን

ዛፍ ላይ ያለን ኮዋላ ለማውረድ አይሞክሩ። ያ የሠለጠኑ ሰዎች ሥራ ነው፤ እነርሱም ዛፉን በአጥር ከብበው ኮዋላው ሲወርድ ብቻ የሚገባበት ወጥመድ ያዘጋጃሉ፣ ወይም በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስረው ከራሱ በላይ በማወዛወዝ ቀስ በቀስ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርጋሉ። መሬት ላይ ያለውንም ቢሆን መያዝ የሚገባው አደጋ ላይ ከሆነና አዳኙ በስልክ «ያዙት» ካለ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚቀለውና የሚመረጠው ዘዴ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ የልብስ ቅርጫት በላዩ ላይ ደፍቶ ከበላዩ ክብደት መጫንና በፎጣ መሸፈን ነው። አየር ይገባዋል፣ ብርሃን ይቀንስለታል፣ ሰውም አይነከስም። ቅርጫት ከሌለ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ትልቅ ፎጣ ይዘው ከኋላው በዝግታ ይቅረቡ፤ ራሱን ጨምሮ መላ አካሉን ይሸፍኑትና ከጨርቁ ጋር ወደ ሳጥን ያስገቡት። ከፊት ለፊቱ አይቅረቡ፣ እንደ ሕፃንም ደረትዎ ላይ አይታቀፉት። የዱር ኮዋላ በየፊት እግሩ እንደ አውራ ጣት የሚጨብጡ ሁለት ጣቶች አሉት፤ ጥፍሩ የዛፍ ቅርፊት የሚወጋ ነው፤ ሲነክስም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ በደንብ አጥቦ በዚያኑ ቀን ሐኪም ማየት አለበት።

በእሳት ለተቃጠለ ኮዋላ የጥጥ ጨርቅ ብቻ ይጠቀሙ። እሳት ወደ በላው ደን ደግሞ የእሳት አደጋ ኃላፊዎች ሳይፈቅዱ መግባት አይገባም፤ እሳቱ ከጠፋ ከቀናት በኋላም ውስጣቸው የነደደ ዛፎች ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቃሉ።

የሞተች እናትና ግልገሏ

መንገድ ላይ የሞተች ኮዋላ ካገኙ፣ በመጀመሪያ መንገዱ ለእርስዎ አስተማማኝ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያም ሆዷ ላይ ያለውን፣ ግልገሏን የምትይዝበትን የቆዳ ከረጢት ይመልከቱ። ግልገል ከረጢት ውስጥ ለስድስት ወር ያህል ይቆያል፤ ከዚያም ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ያድጋል። ስለዚህ ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ጡቷ ግን ወተት ያዘለ ከታየ፣ በግጭቱ የተወረወረ ወይም በአቅራቢያ ዛፍ ላይ የወጣ ግልገል ስለሚኖር ዙሪያውን ይፈልጉ። ጡት ላይ የተጣበቀ ጸጉር አልባ ግልገል ከሆነ ለማላቀቅ አይጎትቱት፤ አፉ ይጎዳልና። እናቲቱን ከነግልገሏ ጠቅልሎ ወደ ሐኪም መውሰድ ይሻላል። ራሱን ችሎ የተገኘው ደግሞ በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሙቀት ያስፈልገዋል። የላም ወተት አይሰጠውም።

ግልገል ማሳደግ ፈቃድ ያላቸው ተንከባካቢዎች ለወራት የሚሠሩት ሥራ ነው። በተለየ ቀመር የተዘጋጀ ወተት ብቻ አይበቃውም፤ ግልገሉ ቅጠል መፍጨት የሚያስችሉትን ተሕዋስያን የሚያገኘው እናቱ ከአንጀቷ ከምታወጣው ፓፕ ከሚባል ለስላሳ ምግብ በመሆኑ፣ እናት ለሌለው ይህን ከሌላ ጤነኛ ኮዋላ ማግኘት ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ኮዋላ ቤት ውስጥ ማቆየት በሁሉም ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለአንድ ሌሊት «እስኪያገግም» ብሎ ማሳደር የሚፈልግ ሰው ይህን አጥብቆ ይያዝ።

ጉዞው

ሳጥኑ አየር የሚያስገባ፣ ጠንካራና የሚቆለፍ ይሁን፤ ወለሉ ላይ ፎጣ ይነጠፍበት፣ ከላይ በጨርቅ ይሸፈን። በመኪናው ውስጥ ሬዲዮ አይከፈት፣ የቀዝቃዛ አየር መንፊያ በቀጥታ ሳጥኑ ላይ አይንፈስ፣ ማንም ሳጥኑን እየከፈተ አይመልከት። በበጋ ወራት በቆመ መኪና ውስጥ ለደቂቃዎች እንኳ አይተዉት። ከተገኘበት ዛፍ ጥቂት ቅርንጫፍ ቆርጦ ይዞ መሄድ ሆስፒታሉ የለመደውን ቅጠል እንዲያውቅ ይረዳል። የዱር እንስሳት ሆስፒታል ሩቅ ከሆነ በቅርብ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት፤ አብዛኞቹ ክሊኒኮች የዱር እንስሳ ያመጣን ሰው ክፍያ አይጠይቁም።

ሲያስረክቡ የተገኘበትን ቦታ፣ ሰዓትና ያዩትን ሁሉ በጽሑፍ ይስጡ። በፖርት ማኳሪ እያንዳንዱ ኮዋላ ሁለት ስም ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው የተገኘበት ቦታ ሲሆን ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከአዳኙ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 አንዲት ሴት ከሚነድድ ደን በሸሚዟ ጠቅልላ ያወጣችው ኮዋላ ኤለንቦሮ ሉዊስ የተባለው በዚህ ሥርዓት ነው። የቃጠሎው ጉዳት ከባድ ስለነበር ሐኪሞቹ ሥቃዩን ለማስቆም በመድኃኒት ሕይወቱ እንዲያልፍ ከወሰኑ በኋላ በዚያው ወር ሞተ። ይህን የማነሣው ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው፤ ከሚገቡት ኮዋላዎች ብዙዎቹ አይመለሱም። ዕድሜ ልኩን የሚያሠቃይ ሕመም ያለበትን እንስሳ በሕይወት ማቆየት ርኅራኄ እንዳልሆነ ሐኪሞቹ ያውቃሉ፤ በጎ ፈቃደኛውም ውሳኔያቸውን ማክበር አለበት።

በሆስፒታሉ ውስጥ

ሐኪሙ ኮዋላውን አደንዝዞ ዓይኑንና ጥርሱን ይመረምራል፤ በጥርሱ መበላት ዕድሜውን ይገምታል፤ በትከሻው ላይ ያለውን ሥጋ በእጁ ዳስሶ ክሳቱን ይለካል፤ በአልትራሳውንድ የሽንት ፊኛውንና የመራቢያ አካሉን ያያል፤ ለክላሚዲያ ምርመራም ናሙና ይወስዳል። ሕክምናው ለሳምንታት የሚዘልቅ አንቲባዮቲክ ሲሆን፣ የኮዋላ ሕክምና ትልቁ ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮዋላ በቅጠል የሚኖረው እስከ ሁለት ሜትር በሚደርሰው ዕውር አንጀቱ ውስጥ ባሉ ተሕዋስያን እርዳታ ነው። በሽታውን የሚያጠፋው መድኃኒት እነዚህንም ሊገድላቸው ስለሚችል፣ ከክላሚዲያው የተፈወሰ ኮዋላ የበላው ቅጠል አልፈጭለት ብሎ ሊመነምን ይችላል። በሰንሻይን ኮስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተዘጋጀው የክላሚዲያ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2025 የቁጥጥር ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘቱ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ሆኖም ዛሬ ታሞ የገባውን ኮዋላ የሚይዘው ይኸው አስቸጋሪ ሕክምና ነው።

የበጎ ፈቃደኛው ሥራ ከዚህ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ጠዋት ማደሪያውን ሲያጸዱ የሚጠርጉትን በጠጥ ይመልከቱ፤ ጠንካራና እንደ ወትሮው ብዛት ያለው ከሆነ አንጀቱ እየሠራ ነው፤ ከቀነሰ፣ ካነሰ ወይም ከረጠበ ወዲያውኑ ለኃላፊው ይንገሩና በመዝገቡ ላይ ይጻፉ። ከትናንት ቅጠል ምን ያህሉ እንደተበላ፣ ከየትኛው ዝርያ እንደተበላ፣ ክብደቱ ስንት እንደሆነ ይጻፋል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለመቀጠል ወይም ለማቆም ሲወስን የሚያነበው ይህን ነውና፣ ሳያዩ በግምት መሙላት ኮዋላውን ሊጎዳው ይችላል። ክላሚዲያ ያለባቸውን ማደሪያዎች በመጨረሻ ያጽዱ፣ የእነርሱን ባልዲና መጥረጊያ ለሌላ አይጠቀሙ፣ በየማደሪያው መካከል ጓንት ይቀይሩ፣ እጅዎን ይታጠቡ። ተጨማሪ ምግብ በሲሪንጅ ማብላት የሚፈቀደው ለሠለጠኑት ብቻ ነው። ኮዋላን ማቀፍና መደባበስ የሥራው አካል አይደለም፤ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው ከእንስሳቱ ጋር አያሠሩም፤ ማመልከቻ፣ ሥልጠናና ቋሚ የሥራ ተራም ይጠይቃሉ።

ቅጠል

ለኮዋላ ሆስፒታል ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ቅጠል ነው፤ ሰው ግን በብዛት የሚመዘገበው ለሌላው ሥራ ነው። አንድ ኮዋላ በቀን ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ቅጠል ይበላል፤ የሚመርጠውም በማሽተት ነው። አውስትራሊያ ካሏት ከ600 በላይ የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ውስጥ የሚወደው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ በእነዚያም ቢሆን የአንዱን ዛፍ በልቶ አጠገቡ ያለውን ተመሳሳይ ዛፍ አሽትቶ ይተወዋል። በኒው ሳውዝ ዌልስ የባሕር ዳርቻ ታሎውድ፣ ስዋምፕ ማሆጋኒና ፎረስት ሬድ ገም፣ በቪክቶሪያ ማና ገም በጣም ይፈለጋሉ።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ገብተው እንጦጦን የሸፈኑት ነጭ ባሕር ዛፍና በኋላ በቆላው የተስፋፋው ቀይ ባሕር ዛፍም ከሚበሉት መካከል ናቸው። እንዲያውም በደቡብ ምዕራብ ቪክቶሪያ ለጣውላና ለወረቀት በተተከሉ የነጭ ባሕር ዛፍ እርሻዎች ውስጥ ብዙ ኮዋላ ይኖራል፤ ዛፉ ሲቆረጥም ይጎዳል። በአገር ቤት ፍየል እንኳ የማይደፍረውን ቅጠል ከነዘይቱና ከነመርዙ የሚፈጨው ይህ እንስሳ፣ ከቅጠሉ የሚያገኘው ኃይል ጥቂት ስለሆነ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ተኝቶ ያሳልፋል።

ለቅጠል ቆራጩ የሚከተለው ይጠቅመዋል። ከባለ መሬቱ ወይም ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ሳያገኙ አይቁረጡ። ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም ከተረጨበት ቦታና ከትልቅ መንገድ ዳር አይውሰዱ። የዛፉን ዝርያ ከሚያውቅ ነባር ቆራጭ ጋር እየወጡ ይማሩ፤ ዝርያዎቹን ከቅርፊታቸው፣ ከአበባቸው ቡቃያና ከፍሬያቸው መለየት ጊዜ ይወስዳል። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር በተሳለ የቅርንጫፍ መቀስ ለጋ ቀንበጥ ያላቸውን ጫፎች ይቁረጡ፤ ከአንድ ዛፍ አብዝተው አይውሰዱ። ቁርጡን ወዲያውኑ ውኃ ውስጥ ነክረው በጥላ ያጓጉዙ። በማደሪያው ውስጥ ቅርንጫፎቹ ውኃ በያዘ ዕቃ ይቆማሉ፤ ኮዋላው ወደ ውኃው እንዳይገባ የዕቃው አፍ ይዘጋል። የተለያዩ ዝርያዎች በአንድ ጊዜ ይቀርቡለት፤ ለታመመ ኮዋላ የምግብ ፍላጎት መመለስ የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ አንዱን ዝርያ መርጦ መቁረጥ መጀመሩ ነው። የትናንቱ ቅጠል አረንጓዴ ቢመስልም ይነሣል።

መሬት ያለው ሰው ደግሞ ለሆስፒታሉ የሚሆኑ ዛፎችን መትከል ይችላል። ሆስፒታሎቹ የትኛው ዝርያ ለአካባቢው አፈር እንደሚስማማ ያማክራሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቀንበጡ ለመቆረጥ ይደርሳል።

መልቀቅ

ኮዋላው የሚለቀቀው በምርመራ ነጻ ሲሆን፣ ክብደቱ ሲመለስና ከፍ ባለ ዛፍ ላይ ያለ እርዳታ መውጣት ሲችል ነው። ጆሮው ላይ ምልክት ይደረግለታል፣ ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ይቀበርለታል። ወደ ምሽት ሲሆን ወደ ተገኘበት አካባቢ ተወስዶ ሳጥኑ በሚበላው ዛፍ ግንድ ሥር፣ በሩ ወደ ዛፉ ዞሮ ይከፈታል፤ ሰዎቹ ከኋላ ይቆማሉ፣ ማንም አይገፋውም። የተገኘበት ዛፍ ተቆርጦ ወይም ደኑ ተቃጥሎ ከሆነ ሌላ ቦታ የሚመርጡት ሐኪሞቹና የግዛቱ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ናቸው። ከዚያ በኋላ በሰፈርዎ ጆሮው ላይ ምልክት ያለው ኮዋላ ቢያዩ፣ ጤነኛ ቢመስልም የምልክቱን ቀለም፣ በየትኛው ጆሮ እንዳለና ያዩበትን ቦታና ቀን ለሆስፒታሉ ደውለው ያሳውቁ።